እሳተ ገሞራው ቀላሉ ነው

ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ሁሉ "አንድ ቀን አነሳዋለሁ" የሚለው ነገር ዝርዝር አለው። አንዳንዱ ደብተር ላይ ይጽፈዋል፣ አብዛኛው ግን ስልኩ ኖት ውስጥ ከአስቤዛና ከዕዳ ጋር ቀላቅሎ ነው የሚያስቀምጠው። እኔ ሁለት አለኝ። አንዱ ሰው "ህልምህ ምንድነው?" ሲለኝ የማወራው ነው፣ ሌላው ግን ለማንም የማላሳየው ነው፣ ምክንያቱም ካሳየሁት "ይሄ ደሞ ምን ይከብዳል?" ነው የሚሉኝ። እስቲ ከሚወራው ልጀምርላችሁ።

አንደኛ ኤርታሌ። ኢትዮጵያዊ ፎቶ አንሺ ሆኖ ኤርታሌን ያላለመ ካለ ወይ ሄዶ አንስቶት ጨርሷል ወይ ሙያው ሌላ ነው። ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው፣ እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ይንቀዋል፣ ግን ቀን ሙቀቱ ስለማያስወጣ በማታ ነው የሚወጣው፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ ጨለማው መሃል መሬት አፉን ከፍቶ ቀይ ሆኖ ይፈላል፣ ማለቴ ከቀናህ ነው፣ ላቫው አንዳንዴ ሞልቶ ይጠብቅሃል አንዳንዴ ደሞ ሰምጦ ጭስ ብቻ አሳይቶ ይሸኝሃል። ከዛ ወርደህ ዳሎል፣ ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ፣ ቢጫና አረንጓዴ ውሃ፣ ውሃ ስል አሲድ ማለቴ ነው፣ ለጫማም ለትራይፖድ እግርም የማይራራ። ይሄን ሁሉ አንድ ቀን ለአክስቴ በስሜት አወራኋት፣ ሰምታ ሰምታ "እሳትና ጭስ ለማየት ነው አፋር ድረስ? ማድቤት ግባና አንሳኛ፣ ማን ከለከለህ" አለችኝ። እሺ ብዬ ካሜራዬን ይዤ ስነሳ ግን "ውይ እንዲህ ሆኜማ አታነሳኝም፣ ቆይ ቀሚስ ልቀይር!" ብላ ወጥ ጥላ ጓዳ ገባች፣ ሜካፕና የበዓል ቀሚስ ይዛ ስትመጣ ጭሱም የለም፣ ወጡም አሯል።

ሁለተኛ ቀይ ቀበሮ። ባሌ፣ ሳኔቲ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አካባቢ ናቸው ይባላል፣ ያውም እኛ ጋ ብቻ። ብርድ ነው፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ግን ሰላም ነው፣ እሱ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል አንተ ደሞ እሱን ትጠብቃለህ፣ ሁለታችሁም ስራ ላይ ናችሁ። ከምንም በላይ ደስ የሚለኝ አንስተህ ስትጨርስ "በቴሌግራም ላክልኝ፣ በፋይል ነው ታዲያ እንዳይበላሽ" አይልህም። ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ጭላዳም እንደዛው ነው፣ ጎፈሩን አበጥሮ መጥቶ ሳሩን እየነጨ ይቀመጥልሃል፣ ሜካፕ አርቲስቷ አላረፈደችበትም።

ከዛ ላሊበላ። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኖ ያላነሳ ቱሪስት ስለሌለ እሱን ትቼዋለሁ፣ የኔ ህልም የገና ዕለት ቤዛ ኩሉ ሲባል ነው። ቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ግማሹ ከላይ ዓለቱ ጠርዝ ላይ ግማሹ ከታች ተሰልፈው፣ ሁሉም ነጭ ለብሰው፣ ከበሮው ሲመታ አንድ ላይ ጎንበስ ቀና ሲሉ፣ ኧረ ምን ልበላችሁ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ምንም ሳታደርግበት ራሱ ተሰርቶ ነው የሚጠብቅህ። ችግሩ ይሄን የሚያልመው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ጠርዙ ላይ ከመቋሚያ እኩል ሞኖፖድ፣ ያ ባለ አንድ እግር የካሜራ ምርኩዝ፣ ነው ያለው፣ አንዱን ቄስ ለይተህ ካነሳህ ከጎናቸው የሆነ ፈረንጅ ረጅም ሌንስ ይዞ እሳቸውን እያነሳ ይገባብሃል። ስለዚህ ህልሜን አስተካክዬዋለሁ፣ ቤዛ ኩሉን አንድም ፎቶ አንሺ በሌለበት ማንሳት ነው የምፈልገው፣ እኔ ግን መኖር አለብኝ። ሌሎቹም ስለኔ ይሄንኑ ነው የሚያስቡት።

ጎንደር ጥምቀት ላይ ደሞ ፋሲለደስ መዋኛ፣ ውሃው ከተባረከ በኋላ ጎረምሳው ሲዘል አየር ላይ እግሩን አጥፎ ባለበት ቀጥ ማድረግ። ዩኔስኮ ጥምቀትን እ.ኤ.አ. በ2019 ሲመዘግብ የሌንሱን ጉዳይ አላነሳም እንጂ ያ ጎረምሳ ሲያርፍ ውሃው የሚመጣው ወደኔ ነው፣ እኔ ብጠመቅ ደስታዬ ነው ካሜራዬ ግን ዱባይ ላይ የነበረው ዋጋና እዚህ ከነቀረጡ የደረሰበት ዋጋ ሲታሰብ ሁለተኛ መጠመቅ የለበትም።

ኦሞ ላይ ትንሽ ልቆይ። እዛ ሄደው የመጡ የሙያ ጓደኞቼ በሙሉ አንድ አይነት ምሬት ነው ያላቸው፣ "ሙርሲዎቹ እኮ ጠቅ ባደረግክ ቁጥር ብር ይሉሃል! ተፈጥሯዊነቱ ጠፋ!" ይላሉ፣ ይሄን የሚሉት እንግዲህ ያንን ፎቶ አትመው ሊሸጡ የሄዱ ናቸው። እኔን ጠይቁኝ፣ በዚህ አገር የፎቶን ዋጋ በትክክል የተረዱት እነሱ ብቻ ናቸው። ሂሳባቸው በጠቅታ ነው፣ ቀብድ የለም፣ "ከሰርጉ በኋላ እንነጋገራለን" የለም፣ "አንተ እኮ የቤት ልጅ ነህ" የለም፣ መጀመሪያ ብሩ ይታያል ከዛ ሰውዬው ይቆማል። የኔ ህልም ታዲያ እነሱን ማንሳት አይደለም፣ አንድ ጠንካራ የሙርሲ ሽማግሌ ለምኜ አዲስ አበባ አምጥቼ ለጥር ወር ሂሳብ ሰብሳቢ ማድረግ ነው። አዳራሹ በር ላይ ዱላቸውን ይዘው ይቆሙልኛል፣ ሙሽራውም ሚዜውም የሙሽራው አለቃም፣ ጠቅ ባለ ቁጥር። አይ ጊዜ!

እሺ፣ የሚወራው ዝርዝር ይሄ ነው፣ ሀረር ጅብ ምናምንም አለበት፣ እዛ አልገባም። እዚህ ውስጥ ያለው ሁሉ ከባድ ይመስላል እንጂ ብርና ፈቃድ ካለ ያልቃል፣ ላንድክሩዘር ትከራያለህ፣ ደብዳቤ ታጽፋለህ፣ ትሄዳለህ፣ ታነሳለህ። ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ያሉትን ግን ብርም ደብዳቤም አይፈታቸውም።

ለምሳሌ አንዱ ምኞቴ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ህንፃ አጠገብ ቆሜ ጥበቃ ሳይመጣ ፎቶ ማንሳት ነው። ህንፃውን አላልኩም፣ አጠገቡ ነው ያልኩት። ሙሽራ አቁሜ፣ አበባ ይዛ፣ ቬሎዋ አስፋልቱን እየጠረገ፣ ማን ምን ሊሰራ እንደመጣ ዕውር እንኳን እያወቀ፣ ከየት እንደወጣ የማይታወቅ ጥበቃ እጁን እያወናጨፈ "መቅረጽ ክልክል ነው!" ይላል። "ጋሼ ሙሽራ እኮ ነው የማነሳው" "ህንፃው ይገባል!" "አይገባም፣ ብዥ ብሎ ነው የሚወጣው" "ለምንድነው የምታበዠው?" እንግዲህ 1.8 ሌንስ ዳራን ለምን እንደሚያበዥ ለማስረዳት የሞከረ ሰው ካለ ውጤቱን ይንገረኝ። እኛ ስንከራከር ከጀርባው አንዷ ልጅ ስልኳን ተክላ ህንፃውን ከነቁጥሩ ከነጥበቃው አስገብታ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ናት፣ እሷን ማንም ዞር በይ አላላትም። ስልክ ጨዋ ነው፣ ትልቁ ካሜራ ነው ሰላይ። የድሮዋን ፒያሳ ጎዳና ለጎዳና እያነሳሁ እሰንዳለሁ ብዬ "ጥበቃዎቹ የማይኖሩበት እሁድ" ስጠብቅ ቆይቼ በ2016 ፈረሰች፣ አሁን ጥበቃም የለም ቤትም የለም።

ወደ እንጀራዬ ልመለስ፣ ሰርግ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት የምትስምበት ሰዓት አለ አይደል? አባትየው ፊት ላይ የሆነ ነገር ያልፋል፣ አንድ ሰከንድ እንኳን አይሞላም፣ ያቺን ልጅ ትምህርት ቤት ያመላለሰበት ዘመን ሁሉ ሲያልፍ ታየዋለህ፣ ከዛ ወዲያው ጉሮሮውን ጠርጎ "በሉ በሉ ሰዓት ሄደ" ይላል። እሷን ሰከንድ በመሃላችን ምንም ነገር ሳይኖር ማንሳት እፈልጋለሁ። ምንም! ብዙ ጠየቅኩ? በመሃላችን ሁልጊዜ የሚኖረውን ልንገራችሁ፣ የአክስት ስልክ፣ የሚዜ ክርን፣ የካሜራማኑ መብራት ያዥ፣ እና ከሁሉም በላይ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣው አጎት ከነታብሌቱ። ታብሌቱ የእንጀራ ሰፌድ ነው የሚያህለው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከፍ አድርጎ ይይዘውና ሙሽራዋም አባትየውም ድርጊቱም በሙሉ ከኋላው ይጠፋል።

"ጋሼ ይቅርታ፣ ትንሽ ብቻ ወደ ግራ ዞር ይበሉልኝ"

"እኔ እኮ አጎቷ ነኝ!"

"አውቃለሁ ጋሼ፣ ጀርባዎትን ከሙሽራዋ በላይ አንስቼዋለሁ"

"በቃ ከኔ ትወስዳለህ፣ እልክልሃለሁ"

ይልከዋል ደሞ። በቁመት የተቀረጸ፣ ግማሹ ጣት የሆነ ቪዲዮ፣ መሃሉ ላይ የራሱ ድምጽ "ኧረ ያ ፎቶ አንሺ ዞር ይበል" ሲል ይሰማል።

ካሜራማኑን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፣ በሙያ እንተዋወቃለን፣ ቪዲዮ ያነሳል፣ ይሄ መብቱ ነው። ግን ለምንድነው መብራቱን ሁልጊዜ እኔ ወደቆምኩበት የሚያዞረው? ለምንድነው ምግብ ሲመጣ መጀመሪያ እሱ የሚቀመጠው? እኔን "ፎቶ አንሺውም ይብላ እንጂ!" የሚሉኝ ኬክ ሊቆረስ ቢላዋው ከተነሳ በኋላ ነው። ትሪው ላይ ክትፎው ሳይቀዘቅዝ ማንሳት፣ ከዛም መብላት፣ ይሄም ዝርዝሩ ላይ አለ።

ብርሃን። ፈረንጆቹ ወርቃማ ሰዓት ይሉታል፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል ሁሉም ነገር ማር የሚመስልበት። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ወደ ጎን አትንሸራተትም፣ ቁልቁል ነው የምትወርደው፣ አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ቁጭ ስትል ወርቁ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ፕሮግራም አወጣለሁ፣ ፓርኩ 10 ሰዓት ተኩል ይሁን እላለሁ፣ ሁሉም እሺ ይላል፣ ሽማግሌዎቹ እሺ ይላሉ፣ የመኪናው ሰልፍ አስተባባሪ እሺ ይላል፣ ከዛ ፓርኩ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይሆናል ምክንያቱም አዳራሹ ውስጥ እንግዳ ተርቧል። ከፋሲካ በኋላ ያሉ ሰርጎች ላይ ደሞ ሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ናት፣ ጥላህ ጫማህ ስር ነው፣ የሰው አይን ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል፣ የዓለም ቆንጆ ብታመጣልኝ ወንጀለኛ አስመስላት ነው የማወጣት። በዛ ላይ ነጭ ቬሎ፣ ጥቁር ሱፍና ጠይም ፊት አንድ ፍሬም ውስጥ። ካሜራ ደሞ በተፈጥሮው ዓለም ሁሉ ግራጫ ይመስለዋል፣ ነጩን ቬሎ ሲያይ ደንግጦ ሁሉንም ያጨልመዋል፣ ከዛ ስልክ ይደወላል፣ "ልጃችንን ለምን አጠቆርካት?"

እዚህ ጋ ለሙያው አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ ጥፋቱ ሁሉ የኛ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚልከው የከለር ማመሳከሪያ ካርድ ነበረ፣ ሸርሊ ካርድ ይባላል፣ ላዩ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፣ የሷ ፊት አምሮ ከወጣ ማሽኑ ደህና ነው ይባላል፣ የኛ ፊት በኬሚካሉ ስሌት ውስጥ አልነበረም። ፊልሙ ቡናማን በደንብ እንዲያወጣ ግፊት ካደረጉት ውስጥ እነማን ነበሩ ብትሉ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ናቸው፣ ቁም ሳጥኑ አልለይ እያለ። እንግዲህ የአያቶቻችን ፊት ለቁም ሳጥን በተደረገ ውለታ ነው ጥርት ብሎ መውጣት የጀመረው።

አሁን ያለው ካሜራ ግን ጎበዝ ነው፣ ጠይሙን ጠይም አድርጎ ያወጣዋል፣ ጣጣው የመጣው ከሰው ነው። ጠይም የተወደሰበት ያህል የተወደሰ መልክ አለ እንዴ በዚህ አገር? ሰርጉ ላይ ራሱ ዲጄው ጠይሟን እያወደሰ ሲያስጨፍር ነው የሚያመሸው፣ ጨፍረው ጨፍረው ማክሰኞ ኤዲት ለማየት ሲመጡ "ትንሽ ብቻ ቀላ አርጋት"። ትንሽ አደርጋለሁ። "ትንሽ ጨምር"። እጨምራለሁ። "እጇስ?" ፊቷ ሌላ አገር ሄዶ እጇ እዚሁ ቀርቷል፣ እጇንም እልካለሁ። በመጨረሻ እናትየው አልበሙን ገልጠው "ይቺ ማናት?" ይላሉ። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ እግዜር በሰራት ቀለም፣ በደህና ብርሃን፣ አባቷ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ማየት። ኤርታሌ ጋ የላቫ ሐይቁ እስኪሞላ ብጠብቅ ይቀለኛል።

ደሞ ቁርጥ። ኧረ ቁርጥ! በኢትዮጵያ ምድር ላይ ደስታ በንጹህ መልኩ የሚገኘው ሰርግ ቤት ቁርጥ ጠረጴዛ ጋ ነው፣ ቢላዋውን ይዞ ከተሰቀለው ሽንጥ ፊት የቆመ ሰው፣ ሚጥሚጣው፣ አዋዜው፣ ከጎኑ ያለው ጓደኛው "እሷን ጮማዋን፣ እሷን" ሲል፣ አይኑ የሚያበራው ማብራት ሌንስ የተሰራው ለዚህ ነው ያስብላል። ካሜራዬን አነሳለሁ። ወዲያው ቢላዋው ይቀመጣል፣ አፍ ይጠረጋል፣ ኮት ይቆለፋል፣ ሆድ ይገባል፣ አምስት ወንዶች ተደርድረው ለፖሊስ መዝገብ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ። "ስንበላ እንዳታነሳን!" ታዲያ ሰርግ ቤት ስትበሉ ካልሆነ ምን ስታደርጉ ላንሳችሁ? ሌላው ጠረጴዛ ላይ ደሞ ቢራ ጠርሙስ እየተሸሸገ ነው፣ ከዛ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሰው ያላዘዘውን ውስኪ ከጎረቤት ተውሶ ፊቱ እያስቀመጠ ነው። በሙያዬ የተማርኩት ነገር ቢኖር እኛ አገር ፎቶ ማስረጃ ነው፣ ሰው ካሜራ ፊት የሚቆመው ቃሉን ለመስጠት ነው።

ይሄ ነገር ቆየት ያለ ነው መሰለኝ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባል አርመናዊ ነው፣ ልጆቹም ሀይጋዝና ቶኒ በኋላ ያንኑ ስራ ይዘዋል፣ የዛን ዘመን ፎቶ ስታዩ መኳንንቱ በሙሉ ካባ ለብሰው፣ እጅ ጉልበት ላይ፣ ፊት ላይ አንድም ነገር የለም። ጥርስ ማሳየት የልጅና የሰካራም ነበራ። ካባው ወርዶ ሱፍ መጣ፣ ፎቶ ቤቱ ኮትና ክራባት ማዋስ ጀመረ፣ ከጀርባ ስዕል ያለበት መጋረጃ፣ ጎን ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ፊቱ ግን ያው የመኳንንቱ ነው። ምረቃ ላይ ብቻ ነው ትንሽ የሚፈታው፣ አባት የልጁን ቆብ ለመሞከር ብሎ ሲያደርገው፣ ያኔ ቶሎ ጠቅ ካደረግክ አንድ ነገር ታገኛለህ፣ ካላደረግክ "ይከብዳል ለካ" ብሎ ያወልቀዋል።

በነፃ ስለማንሳት አላወራም ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ዝርዝሬ ላይ ካሜራ የሌለበት አንድ ምኞት አለ፣ ሰርግ በእንግድነት መጠራት። "ና ወንድሜ፣ ያለአንተማ አይሆንም፣ ብላ ጠጣ ጨፍር… ካሜራህን ብቻ ይዘህ ና"። ዶክተር ጓደኛችንን መርፌህን ይዘህ ና አላሉትም። የጥሪ ወረቀቴ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ሌንስ አለው። ከፋዮቹም ቢሆኑ ያው ናቸው፣ አንድ ሰው ቀሪ ሂሳቡን ሳይደወልለት ሲከፍል ባይ፣ ጥራቱ ሳይነካ በሚቀመጥበት በሮው ፋይል ነበር የማነሳው፣ ለታሪክ። ስቱዲዮ መደርደሪያ ላይ ያልተወሰዱ አልበሞች አሉኝ፣ አንዳንዶቹ የትዳሩን ዕድሜ በልጠውታል፣ የማን ይሁን ተብሎ ሽምግልና የተቀመጡበትም አለ፣ ቀሪውን ክፈሉ ስላቸው ሁለቱም ለሌላው ተዉት።

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ። ማታ አራት አምስት ሰዓት ላይ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ልቤ ያውቀዋል። "ይቅርታ በዚህ ሰዓት… የእህታችንን ሰርግ አንስተህልን ነበር… አባባ አረፉ፣ ለቀብር የሚሆን ፎቶ አጣን"። እዛ ቤት ስልክ ሞልቷል፣ ሁሉም ጋ ሺ ፎቶ አለ፣ የሰውየው ብቻቸውን የሆነ ግን አንድም የለም። ያለው ወይ የቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው፣ ሦስት በአራት፣ እሱ ሲተልቅ ፊታቸው ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ካልሆነ ሰርግ ላይ ከሰላሳ ሰው ጋር የተነሱት። እከፍታለሁ፣ ዳር ቆመዋል፣ እቆርጣለሁ። ትከሻቸው ላይ የሆነ እጅ አለ፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋለሁ። በግራ በኩል የሙሽራዋ ቬሎ ጫፍ ይቀራል፣ እሱን ነጠላ አስመስለዋለሁ። እጃቸው ላይ የቢራ ብርጭቆ አለ፣ "እሱን አውጣልን፣ ንስሐ አባታቸው ይመጣሉ"። ጠዋት ያ ፎቶ ተልቆ በፍሬም ሆኖ ድንኳኑ ፊት ይሰቀላል፣ ሰው ሁሉ እሱን እያየ ያለቅሳል፣ እኔ ደሞ ኋላ ቆሜ ያልጠፋች አውራ ጣት ትታየኛለች።

ስለዚህ ትልቁ ህልሜ፣ ከኤርታሌም ከቤዛ ኩሉም በላይ፣ የሰፈሬን ትልልቅ ሰዎች በሕይወት እያሉ፣ አንድ በአንድ፣ ለብቻቸው፣ መስኮት አጠገብ በጥሩ ብርሃን፣ ቢቻል እየሳቁ ማንሳት ነው። ቀላል አይደል? ሂዱና አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ "ጋሼ፣ ለብቻዎ ፎቶ ላንሳዎት" በሏቸው። መጀመሪያ ያዩሃል። ከዛ ቀስ ብለው "ለብቻዬ ለምን? ምን ሰምተህ ነው?" አንዱ ጋሼ በማግስቱ ሐኪም ጋ ሄደዋል፣ ሌላው ልጃቸውን ጠርተው "ይሄ ልጅ የሚያውቀው ነገር አለ፣ አትደብቁኝ" ብለዋል። በነፃ ነው ማለት ደሞ ያባብሰዋል፣ በዚህ አገር በነፃ የሚሰጥህ ነገር ወይ ምርጫ ወይ ሞት ሲቀርብ ነው።

ከብዙ ልምምጥ በኋላ ጎረቤታችን እማማ ብቻ እሺ አሉ። ተረበኛ ናቸው፣ ሲስቁ ከነሰውነታቸው ነው፣ የፊት ጥርስ የለም፣ ግን ከዛ አፍ የሚወጣው ሳቅ ሰፈሩን ያነቃል። ቡና ካፈሉ በኋላ በሩ አጠገብ አስቀመጥኳቸው፣ 10 ሰዓት አልፏል፣ ብርሃኑ ከጎን እየገባ ነው፣ ስለሟች ባላቸው የሚያወሩትን ቀልድ ጀመሩልኝና ሊስቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ጠቅ አደረግኩ። ወጣ! እጄ ተንቀጠቀጠ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

"እስቲ አሳየኝ" አሉ። አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"ጥሩ ነው። ጥርሱን በኮምፒውተር ትሞላልኛለህ አይደል?"

"እማማ እንዲሁ ነው የሚያምረው"

"ላንተ ይመር፣ እኔን እዚህ ሰፈር የሚያውቀኝ የለም እንዴ? ነጠላውንም በጥበብ ቀይረው። ስንት ነው ሂሳቡ?"

"በነፃ ነው እማማ፣ አይከፍሉም"

"በነፃ ነው?" አሉና ወደ ጓዳ ዞረው ተጣሩ፣ "ኑ ውጡ! በነፃ ነው ይላል ልጁ!" ልጆቹ ወጡ፣ የልጅ ልጆቹ ወጡ፣ ተከራዮቹ፣ ጎረቤት ቡና ሊጠጡ የመጡት፣ አንዱ ጎረምሳ ታብሌት ሳይቀር ይዞ፣ ማን የት እንደሚቆም ክርክር ተጀመረ፣ እማማን መሃል አስቀምጠው ከግራ ከቀኝ ትከሻቸው ላይ እጃቸውን ጣሉ፣ እሳቸውም አፋቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን አጥብቀው ቀጥ አሉ። "በል አንሳ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ?" አሉኝ። እኔ እኮ ከአሁኑ የትኛው ጋ እንደምቆርጠው እያየሁ ነበር።